ከአጋሮ አራት ጊዜ የመጡት ሽማግሌዎች

አባዬ ጅማ በኖረበት ሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ ተልኳል። የትኛው አባት ቶሎ እሺ እንዳለ፣ የትኛው እንዳስለመነ፣ በየትኛው ቤት የልጅቷ አጎት እንዳስቸገረ አንድ በአንድ ያወራል። ባዶ እጁን የተመለሰው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ልጅቷ በጓሮ በር ወጥታ ከሌላ ሰው ጋር ወደ ቦንጋ ስለሄደች ነው። «ያ አይቆጠርም» ይላል። «እኛ ሳሎን ቁጭ ብለን ስንለምን እሷ አውቶቡስ ላይ ነበረች።»

ሙያው ግን ልብስ ስፌት ነው። ከቡልጋ የመጣው በ1964 ዓ.ም.፣ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ሆኖ ነው። ጊንጆ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ አወጣና ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ አልተነሳም። ሽማግሌነቱን ያመጣበትም ይኸው ሱቅ ነው። ጅማ ዘመድ የሌለው እንግዳ ሰው ይበዛባታል። ሚስት ሊያገባ ሲያስብ የሚልከው አጎት የለውም። እንዲህ ያለ ጎረምሳ ሱፍ ሊያሰፋ ሲመጣ አባዬ ትከሻውን እየለካ «ለማን ነው እንዲህ የምታምርላት?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሱፉ ሳያልቅ አባዬ ሽማግሌ ሆኖ ይገኛል። ክርስቲያን እስላም አይልም። አፉ ለኦሮምኛም ለአማርኛም እኩል የተፈታ ስለሆነ በሁለቱም ይለምናል፤ በሁለቱም ይቀልዳል።

የአባዬ በሽታ መጀመሪያ የተገለጠልን በሸኩር ሱሪ ነው። ሸኩር ከሱቁ ፊት ለፊት የብረት በር የሚሠራ በያጅ ነው፤ እሱ ራሱ ቁመቱ በር ያክላል። ለመውሊድ የሚለብሰው ሱሪ አዞ በሳምንቱ ሲመጣ አባዬ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። ሲፈታው የሰባት ዓመት ልጅ ሱሪ ነበር። ስፌቱ እንከን አይወጣለትም፤ ኪሱ፣ ዘርፉ፣ ቁልፉ ሁሉም ልክ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲሰፋለት የለካውን ነው የሰፋለት። ሸኩር ሱሪውን ወገቡ ላይ ለጥፎ «ጋሼ ደምመላሽ፣ እኔ እኮ አድጌያለሁ» ሲል በረንዳው በሳቅ ተሞላ። አባዬም አብሮ ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ምሳውን ሳይነካ እጆቹን ገልብጦ ሲያያቸው ቆየ።

እማዬ መጀመሪያ ያላመመው መስሏት ትቆጣው ነበር። «አሁን ነገርኩህ እኮ፣ ሆን ብለህ ነው» ትለዋለች። ቁልፉን ስኳር ውስጥ ሲያስቀምጥ፣ አንዱን ጥያቄ አምስት ጊዜ ሲጠይቅ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በየቀኑ ከሄደበት ሱቅ ሲመለስ መንገዱ ጠፍቶት ጅሬን ዳገት ላይ ሲገኝ፣ ሁሉንም ንዝህላልነት አደረገችው። ጠበል ወሰደችው፤ ረጋ አለ እንጂ አልተመለሰም። በመጨረሻ እኔና እህቴ ሰሎሜ፣ እማዬንም ይዘን፣ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ብዙ ከጠየቀውና ከመረመረው በኋላ «አልዛይመር ይባላል» አለን። «አዲስ ነገር አይያዝለትም። የድሮው ይቆይለታል። እሱም ቀስ እያለ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሰው ስም፣ ከዚያ የሰው መልክ።»

«መቼ?» አለች ሰሎሜ።

«ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም» አላት።

እማዬ ስንወጣ በሩ ላይ ቆመችና «ምን ነበር ያለው የበሽታውን ስም?» አለች። ነገርኳት። ደረጃውን ሳንጨርስ ደግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ አባዬን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያን ቀን በኋላ አልተቆጣችውም። የቤቱን ቁልፍ መቀነቷ ላይ አሰረች፤ የባጃጅ ሾፌሮቹን አንድ በአንድ እያስቆመች «መንገድ ላይ ካያችሁት አምጡልኝ» አለቻቸው። ያላመጣ የለም። የአንዱን አባት፣ አንዱን ደግሞ ራሱን ያለበሰ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰሎሜ አጋሮ ከሚያስተምር ዳግማዊ ከሚባል ልጅ ጋር ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሰቶ ሰመሮ ትምህርት ቤት አብረው ሲያስተምሩ ነበር የተዋወቁት። በ2002 ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ሊልክ ተነሳ። ሰርጉ ጥር ላይ መሆን ነበረበት፤ ጥር ካለፈ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከዚያ ፋሲካን መጠበቅ ነው። ሰሎሜ ደግሞ ፋሲካን መጠበቅ አልቻለችም። በዚያ ሰሞን አባዬ አንዳንድ ቀን በሟች እህቱ ስም ይጠራት ነበር።

«አጎታችሁ በእሱ ቦታ ይመልስ» አለች እማዬ። «ነውር የለውም።»

«የሠላሳ ሰው ልጅ አስሰጥቶ የእኔን አጎቴ ይስጠኝ?» አለች ሰሎሜ። «ከአባዬ አፍ ካልሰማሁ አላገባም።»

እማዬ በዚህ ተረታች፤ በአንድ ነገር ግን አልተረታችም። በሽታው ለአጋሮዎች እንዳይነገር ሁላችንንም አስማለችን። ሽማግሌ ዘር ይጠይቃል፤ ከዘር ደግሞ በሽታ ይጠይቃል። በደም የሚወርድ ከመሰላቸው ልጄን ይተዉብኛል ብላ ፈራች። ዳግማዊ ያውቃል፤ እሱንም አስማለችው።

ጥቅምት 22፣ እሑድ፣ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ሀጂ ሱሌይማን ናቸው፤ የዳግማዊ ቤተሰብ ጎረቤት፣ ነጭ ጢማም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ሁለተኛው አቶ ኤልያስ የዳግማዊ አጎት ናቸው፤ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ቁጣቸው ቅርብ ነው። ሦስተኛው አቶ ሚሊዮን የቶዮታ ፒክአፓቸው ሹፌር ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። እኔና ሰሎሜ ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ቆመን እናዳምጣለን።

አባዬ ግራጫ ሱፉን ለብሶ ወንበሩ ላይ ነበር። ሲገቡ ብድግ ብሎ ሀጂን በኦሮምኛ «አከም ጂርቱ» ብሎ ተቀበላቸው። አንቀመጥም አሉ፤ እንደ ደንቡ ቆመው ተናገሩ። «ልጅ ሊሆንዎ የሚፈልግ ልጅ ልኮን መጥተናል» አሉ ሀጂ። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸውና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክብር ሰጥታችሁ መጥታችኋል፤ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ልጅቷ ግን የእኔ ብቻ አይደለችም። የእናቷ ወገን አለ፤ ቡልጋ የእኔ ወገን አለ። ልማከርና የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሰሎሜ እጄን ጨመቀችኝ። ደንቡ ይኸው ነው። መጀመሪያ ቀን መልስ አይሰጥም፤ ወዲያው እሺ ያለ አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል። ቀጠሮ ይሰጣል፣ በቀጠሮው እሺ ይባላል። አባዬ አንድ ቃል ሳያዛንፍ ተወጣው። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወጡ። እማዬ ጓዳ ገብታ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ዘለለች፤ እማዬ ስትዘል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሁለት ሳምንቱ መጡ። አባዬ ሱፉን ለብሶ፣ ወንበሩ ላይ፣ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። ሀጂ «እንግዲህ በቀጠሯችን መጥተናል» አሉ።

አባዬ ፈገግ አለ። «ለመሆኑ የእነማን ልጆች ናችሁ? ምን እግር ጣላችሁ?»

አቶ ኤልያስ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሀጂ ግን ልመናውን እንደ አዲስ ጀመሩ። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክብር ሰጥታችሁ መጥታችኋል» አለ። «ልጅቷ ግን የእኔ ብቻ አይደለችም።» ሁለት ሳምንት ቀጠረ።

ያኔ ነው የገባኝ። እሺ የሚባለው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ለእሱ ግን ሁለተኛ ቀን የለም። ሁሌም የመጀመሪያው ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ አባዬን የመሰለ ደንብ አዋቂ እሺ አይልም።

ሁለቱን ሳምንት ሙሉ አስጠናነው። «አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ምን ትላለህ?» «እሺ እላለሁ።» «ለማን?» «ለመጡት።» ጎበዝ እንለዋለን፤ ትንሽ ቆይቶ «ማን ነው የሚመጣው?» ይለናል። ጎረቤታችን ዙቤይዳ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «ለፈተና ነው እንዴ የምታዘጋጁት?» እያለች ትስቅብናለች፤ ከዚያ እሷም ታግዘናለች። ኅዳር 20 ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ቁመናው፣ ሱፉ፣ ጉሮሮው፣ ቡልጋ ያለው ወገኑ፣ ሁለት ሳምንቱ። ልክ እንደ መጀመሪያው፤ ምናልባትም ይበልጥ አሳምሮ።

ወሩ ቡና የሚለቀምበት ነው። አጋሮ ላይ እሸት ቡና ቀን አይሰጥም፤ ማድረቂያው ላይ ካልተገለበጠ ይበላሻል። ሰዎቹ ሥራቸውን ጥለው ነው የሚመጡት። አቶ ኤልያስ ለዳግማዊ ስልክ ደውለው «ይህ ልብስ ሰፊ ይቀልድብናል። አራተኛ እንሄዳለን፤ አምስተኛ የለም» አሉት። ዳግማዊ ለሰሎሜ ነገራት። ሰሎሜ አላለቀሰችም፤ የአባዬን ሱፍ አውጥታ መተኮስ ጀመረች፤ አንዱን እጅጌ ሦስት ጊዜ ተኮሰችው።

ታኅሣሥ 4 ጠዋት ፒክአፑ አስፋልቱ ላይ ሲቆም ሳላስበው ሮጬ ወጣሁ። እኔ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ ዙቤይዳ እንኳን ሰላም ስትለኝ መሬት መሬት ነው የማየው። የመኪናውን በር ይዤ፣ ያውም መሬት መሬት እያየሁ፣ «አባዬ ታሟል፤ ይረሳል። እያሾፈ አይደለም» አልኳቸው። የማልኩትን ማፍረሴ ነበር።

አቶ ኤልያስ «ምን አለች?» አሉ፤ አልሰሙኝም። ቀስ ብዬ ነበር የተናገርኩት።

ሀጂ ሱሌይማን ግን ሰምተዋል። ከመኪናው እየወረዱ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። «አይዞሽ ልጄ። ባለፈው ሳምንት ወደ ልቤ መጥቶ ነበር። ሦስት ጊዜ ገብቼ ሦስቴም አይቶኝ እንደማያውቅ ሆኖ ተቀበለኝ። ግቢ፤ አላህ ያውቃል።»

ገቡ። አባዬ ብድግ አለ። «አከም ጂርቱ» አለ። ሀጂ ጀመሩ፤ አባዬ አንገቱን ደፋ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ክብር ሰጥታችሁ» ሲል አቶ ኤልያስ አላስጨረሱትም።

«በቃ አቶ ደምመላሽ። አራት ጊዜ መጣን። ቡናችን ተበትኖ፣ ሠራተኛ ያለ አለቃ ቀርቶ፣ አራት ጊዜ ለመንን፣ አራት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጠን። ይህ በማን አገር ነው ያለው?»

እማዬ በጓዳው በር ላይ ደርቃ ቀረች። ሰሎሜ መጋረጃውን ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። አባዬ የአቶ ኤልያስን ፊት አየው፤ የሀጂን አየው። ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ።

«አራት ጊዜ?» አለ።

«አራት ጊዜ።»

«ማን ነው እንዲህ ያደረጋችሁ?»

አባዬ ወንበሩን ትቶ ወደ እነሱ ተሻገረ። «አንድ ቀጠሮ ክብር ነው። ሁለተኛው ቸልታ ነው። አራት ጊዜ ሽማግሌ መመለስ ስድብ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ጅማ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልነገራችሁኝም?» የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ በሀጂና በአቶ ኤልያስ መካከል ገብቶ ቆመ። «በሉ እኔም አለሁ። የልጅቷ ወላጆች የት አሉ?»

አቶ ኤልያስ አፋቸውን ከፈቱ። ሀጂ ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው፤ ወደ እማዬም ዘወር አሉ። «እናትየው እዚህ አሉ» አሉ፤ በጣም ቀስ ብለው። «ወይዘሮ ወርቂቱ፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

እማዬ ከጓዳው በር ወደ አባዬ ወንበር ያለውን አምስት እርምጃ እንዴት እንደሄደችው እንጃ። ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች።

አባዬ ጀመረ። ድሮ በረንዳው ላይ ስሰማው የነበረው ድምፁ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቶብኝ የነበረው። ስለ ልጁ ተናገረ፤ ዳግማዊን አያውቀውም፤ ግን ከሀጂ የሰማውን ይዞ ትጉህ ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ወላጆቹ የተከበሩ ናቸው አለ። ስለ ልጅቷ ግን የሚያውቀውን ተናገረ። «ይህችን ልጅ አውቃታለሁ። ሕፃን ሆና ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቅማ ለመንደሩ ድመት ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ድመቷ አትለብስም፤ እሷም አትተውም። እንዲህ ያለች ሰው ትዳር ይከብዳታል?»

ሰሎሜ መጋረጃውን ነክሳ ሳቀች፤ እንባዋም መጣ።

እማዬ ድምፅዋን ፈለገችው። «ልጅቷ የእኔ ብቻ አይደለችም» አለች። «አባቷን ልጠይቅ።»

«አባቷን?» አለ አባዬ። ወደ ሀጂ ዞሮ ጠቀሳቸው። «አባቷ ልብስ ሰፊው ደምመላሽ አይደል? እሱንማ ለእኔ ተዉት። ግትር ነው። የሰውን ልጅ ሁሉ አስሰጥቶ የራሱን ሲጠየቅ ሆዱ ባባ። ቀጠሮ የሚያበዛው ንቋችሁ አይደለም፤ ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ማየት ስለፈራ ነው። ግን ልቡን አውቀዋለሁ። ፈቅዷል።»

«ፈቅዷል?» አለች እማዬ።

«ፈቅዷል አልኩሽ። ጥር ላይ ይሁንላቸው። አልፈቀድኩም ብሎ ቢመጣ እኔ ዋስ ነኝ።»

አቶ ኤልያስ ኮፍያቸውን አውልቀው ግድግዳውን ያያሉ። አሁን ገብቷቸዋል። አቶ ሚሊዮን እስከዚያ ቀን ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም፤ «አሜን» አሉ።

«እንግዲያው እሺ» አለች እማዬ። «ሰጥተናል።» ከዚያ እዚያው ቁጭ ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሐኪሙን፣ የሸኩርን ሱሪ፣ መሐላውን። «በዘር ይወርዳል ብላችሁ ልጄን ብትተዉብኝ ብዬ ነው» አለች።

ሀጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ ወይዘሮ ወርቂቱ፣ እኛስ መች ሁሉን ተናገርን? የልጁ አባት ሲያንኮራፋ እኔ በሁለተኛው ግቢ እነቃለሁ። ይህንን ደብቀናችኋል።»

ሰሎሜ ከዚያ በላይ መጋረጃ ጀርባ መቆም አልቻለችም። ወጥታ የአባዬን ጉልበት ሳመች። አባዬ ቀና አደረጋትና ትክ ብሎ አያት። በማን ስም ይጠራት ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። በስም አልጠራትም። «ሙሽራዋ አንቺ ነሽ?» አላት። «በይ ደስ ይበልሽ፤ አሰጠንሽ።» ግንባሯን ሳማት።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። አባዬ ኮፍያውን አድርጎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ውጭ ወጣ። ሽማግሌ ተልኮ፣ መልስ ይዞ፣ ለላከው ሳይነግር የት ይቀራል? እማዬ እጁን ልትይዘው ስትል ሀጂ «ይተዉት፤ ደንቡ ነው» አሏትና ከፊት አስቀመጡት። እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። ሰሎሜም እየሮጠች መጥታ አጠገቤ ተንጠላጠለች፤ ሙሽራ ሽማግሌ ተከትላ ስትሄድ ታይታ አይታወቅም፤ ያን ቀን ማን ይከልክላት። ዙቤይዳ ከአጥሩ ላይ «ሰጡ?» ብላ ጮኸች፤ «ሰጡ» አልናት፤ እልልታዋ እስከ መታጠፊያው ተከተለን።

እስከ አጋሮ አባዬ በመስኮቱ ያወራል። በየደጃፉ ማድረቂያ አልጋ ላይ ቀይ ቡና ተሰጥቷል፤ ለሚገለብጡት ሰዎች ሁሉ እጁን ያወጣል። ገና መንገዱን ሳናጋምስ «የት ነው የምንሄደው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት። ሀጂ «የምሥራች ልንናገር ነው» አሉት። «ለማን?» «ለሙሽራው።» «እህ፣ ሰጡ ማለት ነው» አለና እንደገና ተደሰተ። አጋሮ እስክንገባ አራት ጊዜ ተደሰተ።

ዳግማዊ ግቢያቸው ውስጥ እጅጌውን ሰብስቦ ቡና ይገለብጥ ነበር። መኪናው ቆሞ አባዬ ከፊት ሲወርድ ሲያይ ክው አለ፤ ሰሎሜን ከጭነቱ ላይ ሲያይ መገልበጫው ከእጁ ወደቀ። አባዬ ቀጥ ብሎ ሄዶ ፊቱ ቆመ።

«ሰጡህ» አለው። «ጥር ላይ ነው። አባትየው ግን ይረሳል ይላሉ። እየደወልክ አስታውሰው።»

ዳግማዊ ሰሎሜን አየ፤ አባዬን አየ። «እሺ አባባ» አለ። «በየቀኑ።»

ቃሉን ጠበቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ጥር 16 ድረስ በየቀኑ፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይደውላል። እኔ ስልኩን አባዬ ጆሮ ላይ እይዛለሁ። ከወዲያ ዳግማዊ «አባባ፣ ሰሎሜን ለእኔ ሰጥተውኛል፤ ሰርጉ ጥር ላይ ነው» ይለዋል። አባዬ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ስልኩን ወደ ደረቱ ያስጠጋና «ወርቂቱ፣ ሰምተሻል? ልጃችንን ልንድር ነው» ይላል። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈችም ይሁን ልብስ እያሰጣች እጇን ጠርጋ ትመጣለች፤ አልሰማሁም ትለዋለች፤ እንደገና ይነግራታል። እልል ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት ሰፈሩ ሰዓቱን ለይቶታል፤ ሸኩር ብየዳውን ያቆማል፤ ዙቤይዳ ከአጥሩ ወዲያ ትጠብቃለች።

«ሩት፣ ዛሬም ተሰጠች?» ትለኛለች።

«ዛሬም ተሰጠች» እላታለሁ፤ ከዚያ እሷም እልልታውን ታስነካዋለች።